«ውሃ መጣ» አራት ጊዜ ሲለጠፍ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ለኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ማስታወቂያ የሚለጥፉበትና እርስ በርስ የሚጻጻፉበት አፕ ሠርቻለሁ። ኔትወርክ ሲደክም አንዱ መልእክት ሦስት አራት ጊዜ ይለጠፋል። «ላክ» የሚለው ቁልፍ አንዴ ከተነካ በኋላ እንዳይሠራ አደረግኩት፤ ለውጥ የለም። ደግሞ ረጅም ጽሑፍ ጽፈው ሲልኩ ድራሹ የሚጠፋባቸው አሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁልፉን ተወው፤ ጥፋቱ እሱ ጋ አይደለም። አንዲት እናት «ውሃ መጣ» ብለው ላኩ እንበል። መልእክቱ ሰርቨሩ (መልእክቶቹን የሚቀበለው ኮምፒውተር) ጋ ደረሰ፣ ዳታቤዝ (መዝገቡ) ውስጥ ገባ። ሰርቨሩ «ተቀብያለሁ» ብሎ ሲመልስ ግን ኔትወርኩ ተቋረጠ። የጠፋው መልሱ ነው፤ መልእክቱ ደርሷል። ስልካቸው ይህን አያውቅም። አልሄደም ብሎ እንደገና ይልካል። ሰርቨሩም አዲስ ነገር መስሎት ይመዘግባል።

መፍትሔው የደረሰኝ ቁጥር ነው። አንድ ደረሰኝ ለገንዘብ ያዡ ሁለት ጊዜ ቢቀርብለት ቁጥሩን አይቶ «ይሄ ተመዝግቧል» ይላል እንጂ ደግሞ አይጽፈውም። አንተም ለእያንዳንዱ መልእክት ስልኩ ራሱ ቁጥር እንዲሰጠው አድርግ። ዩዩአይዲ የሚባለው፣ ስልኩ በዘፈቀደ የሚያወጣው ረጅም መለያ ይበቃሃል፤ ሁለት ስልኮች አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ ብለህ አትስጋ።

ቁጥሩ መቼ ይወጣል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔም ዕቃ ማዘዣ አፕ ስሠራ ቁልፉ በተነካ ቁጥር አዲስ ቁጥር እንዲወጣ አድርጌ ነበር። አንድ ደንበኛ አንድ ካርቶን ዘይት ፈልጎ ሦስት ካርቶን ተጫነለት። ቁጥሩ መውጣት ያለበት ሰውየው መጻፍ ሲጀምር ነው። መልእክቱ እስኪደርስ ድረስ አሥር ጊዜም ቢሞከር ያው ቁጥር አብሮት ይሂድ።

ሰርቨሩ ላይ ደግሞ «ይህ ቁጥር አለ? ከሌለ አስገባ» የሚል ኮድ አትጻፍ። የአንድ መልእክት ሁለት ቅጂ በአንድ ቅጽበት ቢደርስ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኙና ሁለቱም ይገባሉ። ሥራውን ለዳታቤዙ ስጠው፤ በላኪውና በመልእክቱ ቁጥር ላይ ዩኒክ ኮንስትሬንት (ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይደገሙ የሚከለክል የዳታቤዝ ደንብ) አድርግ። የተደገመ ሲመጣ ኤረር አትመልስ። የተመዘገበውን መልእክት አውጥተህ «ተሳክቷል» በል፤ አለዚያ የደረሰውን መልእክት ስልኩ «አልተላከም» እያለ ሰው ያስጨንቃል። ቁጥር የሌላቸው የድሮ መልእክቶች አያሳስቡህ። የቁጥሩ ቦታ ባዶ (NULL) ቢሆንም እንደ ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ያሉት ዳታቤዞች አይከለክሉህም።

አሁን ወደሚጠፋው ጽሑፍ። ይሄኛው ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል። ሰው በስልክ አማርኛ መጻፍ ቀላል ሥራ አይደለም። የግማሽ ሰዓት ልፋቱን ከበላህበት ሁለተኛ አይጽፍልህም። ስለዚህ ጣቱ ለግማሽ ሰከንድ በቆመ ቁጥር የተጻፈው ስልኩ ላይ ይቀመጥ። የመልእክቱም ቁጥር አብሮ ይቀመጥ፤ አፑ ተዘግቶ ቢከፈት ሌላ ቁጥር እንዳያወጣ። አፕህ በብሮውዘር የሚከፈት ከሆነ ለጽሑፍ ሎካል ስቶሬጅ (ብሮውዘሩ ራሱ ያለው ትንሽ ማስቀመጫ) ይበቃል፤ ለፎቶ ኢንዴክስድ ዲቢ የሚባለውን ሰፊውን የብሮውዘር ማስቀመጫ ተጠቀም። ድራፍቱ (ተጀምሮ ያልተላከው ጽሑፍ) ለየውይይቱ ለየብቻ ይሁን። ለጎረቤት በግል የተጀመረ ቅሬታ የሕንፃው ሁሉ ገጽ ላይ ብቅ ሲል አስበው! የሚሰረዘውም «ላክ» ሲነካ ሳይሆን ሰርቨሩ መቀበሉን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው።

መልእክቱ የት እንደደረሰ ለሰው አሳየው። ቴሌግራም ላይ የሰዓቷን ምልክት፣ ቀጥሎ አንድ ራይት፣ ሲነበብ ደግሞ ሁለት ራይት ማየት ሁሉም ለምዷል። አንተም እንደዚያ አድርግ፤ «አልተላከም» ካልክ አጠገቡ «እንደገና ላክ» ይኑር።

ስልኩ በራሱ ሲሞክርም በላይ በላይ አይሁን። ከ1 ሰከንድ በኋላ፣ ከዚያ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 እያለ ይራቅ። ጥቂት የዘፈቀደ ሰከንድም ጨምርበት። ጠፍቶ የቆየ ኔትወርክ ሲመለስ የሕንፃው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሰርቨርህ ላይ እንዳይዘንብ ነው።

ሰዓቱንም አደራ። ጠዋት 2 ሰዓት የተጻፈ «ውሃ መጣ» ማታ 1 ሰዓት ላይ ቢደርስ፣ ሰው ባልዲ ይዞ ወደ ቧንቧ ይሮጣል። የተጻፈበትንም የደረሰበትንም ሰዓት መዝግብ። ልዩነቱ ከሰፋ ሁለቱንም አሳይ። ለቅደም ተከተል ግን የሰርቨሩን ሰዓት እመን፤ የስልክ ሰዓት ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው።

የተደገሙትን የድሮ መልእክቶች በጅምላ አትሰርዝ። በአንዱ ቅጂ ሥር መልስ የጻፈ ሰው ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ መልሶቹን ወደ አንዱ አዛውር።

ስትጨርስ እንዲህ ፈትነው። ሰርቨሩ መልእክቱን ከመዘገበ በኋላ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት 15 ሰከንድ እንዲቆይ አድርግ። መልእክት ላክና ወዲያው ስልክህን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው። አፑን ዝጋ። ኔትወርኩን መልሰህ አፑን እንደገና ክፈተው። ዳታቤዙ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ካገኘህ፣ ስልኩም ላይ አንድ ራይት ካየህ፣ ለነዋሪዎቹ ልቀቀው።