ሕጉ ከፈቀደ ምን ቸገረኝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ አደገኛነቱ የታወቀ፣ ሕግ ግን የማይከለክለው ነገር። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ረዘም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጠያቂው መልሱን ሳያነብ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ እፈልጋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲጋራ ያን ሁሉ ሰው እየገደለ በየሱቁ ይሸጣል። በፓራሹት ከገደል ልዝለል ያለ ሰው ግን ይቀጣል። ይሄ ምን ዓይነት ሕግ ነው?

መልስ፦ መገረምህ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። ከገደልና ከድልድይ ሲዘሉ የሞቱት ግን ስፖርቱ ከተጀመረ ወዲህ ያሉት ሁሉ ቢደመሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ሕግ አደጋን ብቻ መዝኖ አይደለም የሚከለክለው። ስንት ሰው ለምዶታል፣ ብከለክል ማስከበር እችላለሁ ወይ፣ ጉዳቱ ለሌላ ሰው ይተርፋል ወይ ብሎም ያያል። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ መሸጥን ከልክላ ነበር። መጠጡ አልጠፋም። በድብቅ ይሸጥ ጀመር፣ የወንበዴዎች መክበሪያ ሆነ፣ በመጨረሻም ክልከላው ተነሳ። ዝላዩም እንደ ቦታው ነው። እዚያው አሜሪካ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ያለ ፈቃድ መዝለል ያስቀጣል። አይዳሆ ከሚገኘው የፔሪን ድልድይ ግን ዓመቱን ሙሉ ማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይዘላል። ስለዚህ «ተፈቅዷል» ሲባል «አይጎዳም» ማለት አድርገህ አትውሰደው።

ጥያቄ፦ ዋና እወዳለሁ። ከመጥለቄ በፊት ቶሎ ቶሎ ስተነፍስ ውኃ ውስጥ ብዙ መቆየት እችላለሁ። ገንዳው ጥልቅ አይደለም፣ የሚከለክለኝም የለም። ብቻዬን እየተለማመድኩ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው ወንድሜ፣ በጣም አለው። እባክህ ዛሬውኑ አቁም።

ትንፋሽህን ስትይዝ «አሁንስ አልቻልኩም» የሚያሰኝህ በዋናነት የኦክስጅን ማነስ አይደለም፤ ደምህ ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ይህን ጋዝ ጠርገህ ታስወጣለህ። ኦክስጅንህ ግን እምብዛም አይጨምርም። ማስጠንቀቂያውን አጠፋህ እንጂ አቅምህን አላሳደግክም። ከዚያ ውኃ ውስጥ ሆነህ ምንም ሳያጨንቅህ ኦክስጅንህ ይወርዳል። ድንገት ራስህን ትስታለህ። መጮህ የለ፣ መንፈራገጥ የለ። አንዳንዱ እጁን ጥቂት ካንቀሳቀሰ በኋላ ዝም ብሎ ይሰምጣል። ዳር ላይ ያለ ሰው ልምምድ ላይ ያለህ ሊመስለው ይችላል። ውኃው ወገብ ድረስ ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ ራሱን የሳተ ሰው አይቆምም። ጥሩ ዋናተኛ መሆንህም አያድንህም። እንዲያውም ራሳቸውን የሚገፉት ጎበዞቹ ስለሆኑ በብዛት የሚጠቁት እነሱ ናቸው።

ስፖርቱን ከወደድከው አሠልጣኝ ፈልግ። እዚያ መጀመሪያ የምትማረው አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ሆኖ እንደሚጠብቅ ነው። ጠባቂው ዓይኑን ከአንተ ላይ አያነሳም። ወጥተህ ከተነፈስክ በኋላ እንኳ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ ያይሃል፤ ራስን መሳት ከወጡ በኋላም ይመጣልና። ጠባቂ ከሌለ ልምምድ የለም። ይሄ ላይ ድርድር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመቱ ልጄ በራሱ ገንዘብ ሞተር ሳይክል ሊገዛ ነው። ሕጉም መንጃ ፈቃዱም ከእሱ ጋር ነው። እንዴት ላስቁመው?

መልስ፦ እናቴ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን ላያስቆሙት ይችላሉ። ከተጣሉት ደብቆ ይነዳል፣ ያኔ ምክርዎም ይቀርበታል። ይልቅ ሄልሜቱን አብረውት ይምረጡ። ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ግምገማ ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልክ መሆኑን እንዲህ ይወቁ። ሲያደርገው በሁለት እጅዎ ይዘው ግራና ቀኝ ያዙሩት። የጉንጩና የግንባሩ ቆዳ አብሮ ከተሳበ ልኩ ነው፤ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ ሰፍቶታል። ማሰሪያው ካልተቆለፈ ደግሞ ሲወድቅ ወልቆ ይሄዳል። ግጭት ያየ ሄልሜት ደህና ቢመስልም ይቀየር። ያገለገለ አይግዛ። ከተቻለ ኤቢኤስ የሚባለው፣ ድንገት ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን ያለው ሞተር ይምረጥ። መጠጥና ሞተርን በተመለከተ አንድ ቃል ያስገቡት፦ ከጠጣ ቁልፉን አይነካም፣ በማንኛውም ሰዓት ቢደውል ያለ ቁጣ ይመጡለታል። የገቡትንም ቃል ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ቦክስ ለምን አይከለከልም?

መልስ፦ የከለከሉ ነበሩ። ስዊድን የፕሮፌሽናል ቦክስን በ1970 ከልክላ በ2007 በገደብ ፈቀደች። ኖርዌይ ከ1981 እስከ 2014 ከልክላ ነበር። እኔ አዋቂ ሰው ይከልከል አልልም። የሕፃናት ጭንቅላት ላይ መደባደብ ግን አልደግፍም።

ጥያቄ፦ ከክሬን ላይ በገመድ ታስሮ ለመዝለል «ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱ የራሴ ነው» የሚል ወረቀት አስፈረሙኝ። አሁን ብጎዳ መብት የለኝም ማለት ነው?

መልስ፦ እንደየአገሩ ይለያያል፤ ወረቀቱ ግን ሁሌ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ለምሳሌ በእንግሊዝ በ1977 በወጣ ሕግ መሠረት ድርጅት በራሱ ቸልተኝነት ለሚመጣ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ኃላፊነቱን በፊርማ ማውረድ አይችልም። የተቀበልሽው የዝላዩን የራሱን አደጋ ነው እንጂ ያለቀ ገመድን አይደለም። ከመዝለልሽ በፊት ጠይቂ፦ ገመዱ ስንት ጊዜ ተዘሎበታል? መዝገቡ የታል? ክብደቴን ማን መዘነ? ሚዛን ላይ ሳያወጡሽ ገመድ ከመረጡልሽ ተመለሽ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከገደል በፓራሹት መዝለል ጀምሯል። ሁለት ልጆች አሉን። «መኪና ከመንዳት አይብስም» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ኖርዌይ ውስጥ ሼራግ በሚባል ገደል ላይ ከ1995 እስከ 2005 የተደረጉ 20,850 ዝላዮች ተጠንተዋል። 9 ሰዎች ሞተዋል። ይህም በ2,317 ዝላይ አንድ ሞት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ለዘለለ ትንሽ ይመስላል። መቶ ጊዜ ለሚዘል ግን የመሞት ዕድሉ ከ23 ወደ አንድ ይጠጋል። ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው ከፍታም፣ መጠባበቂያ ፓራሹትም አለው። ከገደል የሚዘል ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፓራሹት ብቻ ነው ያለው፣ ቢበላሽ ለማስተካከል ያለውም ጥቂት ሰከንድ ነው።

ሕጉ ፈቅዶለታል። አንቺን ግን ማማከር ነበረበት። ለመጨቃጨቅ ሳይሆን ለመወሰን አስቀምጪው። የሕይወት ኢንሹራንስ ካለው ውሉን አብራችሁ አንብቡ፤ ብዙ ውሎች እንዲህ ያለውን ስፖርት በስም ለይተው ያስቀራሉ። ኑዛዜ ይጻፍ። በምን ዓይነት ነፋስ እንደማይዘል፣ በዓመት ከስንት በላይ እንደማይዘል ቀድሞ ይናገር፣ አብረውት የሚዘሉትም ይህን ይወቁ። ይህን ለመነጋገር እንኳ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ የምታከብሩትን አንድ ሰው አስቀምጣችሁ ተነጋገሩ።