ከአሥራ አንድ ሳህን እራት ተርቦ ላለመውጣት

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ማኪያቶ እየጠጣን አንዲት ወጣት መሐንዲስ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ባለፈው ኅዳር ለስብሰባ ፓሪስ ሄዳ ነበር። ጋባዦቿ ቴስቲንግ ሜኑ፣ ማለትም ብዙ ትንንሽ ሳህን በተራ በተራ የሚያቀርብ ሬስቶራንት ወሰዷት፤ አሥራ አንድ ሳህን ቀርቦላት ተርባ ሆቴሏ ገባች። «ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለች።

ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። መሥሪያ ቤቶቻችን ሰው ወደ ውጭ ሲልኩ ስለ ቪዛው፣ ስለ ውሎ አበሉ፣ ስለ ሪፖርቱ ይናገራሉ። ስለ ገበታው ትንፍሽ የሚል የለም፤ ነገሩ እንደ ቅንጦት ስለሚታይ። በስብሰባው አዳራሽ ያልተቋጨው ጉዳይ የሚቋጨው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

የልጅቷን እራት ከሥሩ እንየው። ጾመ ነቢያት ገብቷል። ከጉዞው በፊት ጋባዡ የማትበላው ነገር እንዳለ በኢሜይል ጠይቋት «ቬጀቴሪያን ነኝ» ብላ መለሰች። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ወጥ ቤቱ ይህን ሲያነብ ሥጋና ዓሣ ያወጣል፤ ቅቤ፣ ክሬም፣ እንቁላልና አይብ ግን ይቀራሉ። እንዲያውም ይበዛሉ፤ የፈረንሳይ ሼፍ ሥጋ ሲቀርበት ጣዕሙን የሚያካክሰው በቅቤ ነው።

ቴስቲንግ ሜኑ ማለት በየዓይነቱን አንድ ትሪ ላይ ከማቅረብ ይልቅ እያንዳንዱን ወጥ በየተራው፣ በሁለት በሦስት ጉርሻ ልክ እንደ ማምጣት ነው። መጀመሪያ በእጅ የሚበሉ ሦስት ትንንሽ ነገሮች መጡ፤ ሁለቱ አይብ ነበረባቸው። ዳቦ ከቅቤ ጋር መጣ፤ ዳቦውን ብቻ በላች። ቀጥሎ እንጉዳይ፣ ላዩ ላይ የእንቁላል አስኳል። ቀጥሎ በክሬም የተመታ ድንች። ለማንም ሳትናገር ሳህኑን በሹካ እየነካካች ትመልስ ጀመር። አምስተኛው ሳህን ሳይነካ ሲመለስ አስተናጋጁ «ምን አጠፋን?» ብሎ ጠየቀ፤ ጋባዦቹም ተሳቀቁ። ያኔ ብትናገርም ብዙ ሊረዷት አልቻሉም። ሶሱና መረቁ ከቀን ጀምሮ፣ አንዳንዱም ከዋዜማው የተሠራ ነው። በዚያ ሰዓት ያለ ቅቤ እንደ አዲስ የሚጀመር ነገር የለም። ሰላጣ አመጡላት።

መጻፍ የነበረባት እንዲህ ነበር፦ «ቬጋን። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ክሬም፣ አይብ፣ እንቁላል፣ የሥጋ መረቅ አልበላም። የአትክልት ዘይት ይሆናል።» በጾም ዓሣ የምትበሉ ከሆናችሁ ለብቻው ጻፉት፣ በቅቤ እንዳይጠበስም ጨምሩ። ሽሪምፕና ኦይስተር (በዛጎል ውስጥ ያለ የባሕር እንስሳ) የማትበሉም እንዲሁ፤ «ዓሣ እበላለሁ» ካላችሁ ክንፍና ቅርፊት የሌለውም አብሮ ይመጣል። ሙስሊም ልጆቼ፣ «አሳማ አልበላም» ብቻውን አይበቃም። ሶሱ በወይን ጠጅ ሊሠራ፣ ጣፋጩ የአሳማ ጄላቲን (ማርጊያ) ሊኖረው ይችላል። ኢሜይሉ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ይድረስ፤ ጋባዡ ለሬስቶራንቱ እንዲያስተላልፈው ጠይቁ፤ ስትቀመጡ ለአስተናጋጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ድገሙለት። አንዳንዱ ቤት ቬጋን አናስተናግድም ይላል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ይሉኝታችሁን በዚህ ጉዳይ አዲስ አበባ ትታችሁት ሂዱ። የዛሬ ልጆች ደመወዝ ሲደራደሩ አያፍሩም፤ ምግብ ላይ ሲደርሱ ግን ምን እንደሚያሽኮረምማቸው አላውቅም።

ሹካና ቢላ ከሳህኑ ከራቀው ተጀምሮ ወደ ውስጥ እንደሚነሣ ታውቃላችሁ። ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት ለየሳህኑ አዲስ ያመጣል።

ሰዓቱ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። 20:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ምሽት 2 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ፓሪስ ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ እራቱ ሲጀመር ሰውነታችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው፤ ሦስት ሰዓት ፈጅቶ ሲያልቅ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። በሌሊት በረራ ያን ዕለት ጠዋት ከገባችሁ ጣፋጩ ሲመጣ እያንጎላጃችሁ ነው። ምርጫው የእናንተ ከሆነ ለሁለተኛው ቀን አድርጉት። ምሳ አትዝለሉ፤ ቀለል ያለ ነገር ብሉ። ባዶ ሆድ የያዘ ሰው ዳቦው ላይ ይበረታል፣ አራተኛው ሳህን ላይ ይጠግባል።

ለየሳህኑ የሚመጣው ወይን በብርጭቆ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ነው፤ ትንሽ ይመስላል። ሰባት ብርጭቆ ሲደመር ግን ወደ ሙሉ ጠርሙስ ይጠጋል፣ ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ነውና። በማግስቱ ገለጻ ያለበት ሰው ከየሳህኑ ጋር የሚሄድ አልኮል የሌለው መጠጥ ይጠይቅ፤ ብዙ ቤት አለው። ብርጭቆ ሳይጨርሱ መተው ነውር አይደለም።

ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ የለመደ ሰው ታርታር (የተከተፈ ጥሬ ሥጋ) አያስደነግጠውም። ኦይስተር ግን ያስደነግጣል።

ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱ። ትኩስ ሳህን የፎቶ አንግል እስኪገኝለት አይጠብቅም፤ አረፋው ይሟሽሻል፣ ሶሱ ይረጋል። ሜኑውን ግን ፎቶ አንሱት፣ በኋላ ምን እንደበላችሁ አታስታውሱትም። እሺ፣ አንድ ሁለት ሳህንም አንሱ።

ለምርጥ ሬስቶራንቶች ስለሚሰጠው የሚሽሊን ኮከብ ብዙ ታወራላችሁ። ሚሽሊን የጎማ ፋብሪካ ነው፤ መምሪያ መጽሐፉን በ1900 ያወጣው ለመኪና ነጂዎች ነበር፣ ኮከብ መስጠት የጀመረው በ1926 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ኮከቡ ሳህኑ ላይ ላለው እንጂ ለወንበሩና ለመጋረጃው አይሰጥም። ስለዚህ ባለ አንድ ኮከብ ቤት ተራ ሆኖ ቢታያችሁ አትከፉ። ከራሳችሁ ኪስ የምትከፍሉ ከሆነ በምሳ ሰዓት ሂዱ። ብዙ ቤት ለምሳ አጠር ያለ፣ ዋጋውም በጣም የቀነሰ ሜኑ አለው፤ የሚያበስለው ያው ወጥ ቤት ነው።

ቦታ ስትይዙ የካርድ ዋስትና ይጠይቃሉ፤ ከቀራችሁ ወይም ዘግይታችሁ ከሰረዛችሁ ገንዘብ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ካርዳችሁ ውጭ አገር እንደሚሠራ ባንካችሁን ጠይቃችሁ ሂዱ። ፈረንሳይ የተጻፈው ዋጋ ታክሱንም አገልግሎቱንም ይዟል። አሜሪካ ግን ታክሱ ይጨመራል፣ በላዩም ከ18 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ይጠበቃል። ደረሰኙን ለመሥሪያ ቤት የምታቀርቡ ከሆነ ምግቡና መጠጡ ተለይቶ እንዲወጣላችሁ ሂሳብ ከመጠየቃችሁ በፊት ተናገሩ። አብዛኛው የፋይናንስ ክፍል የአልኮል ወጪ አይተካም፤ ሁለቱ በአንድ መስመር ከታተሙ ደግሞ ምግቡንም ጭምር ሊመልስባችሁ ይችላል።