ልጁን «ካሳ» ልትለው ከሆነ ሁለቱን ካሳ ኃይሉ አታደባልቅ

«አያቱ ካሳ በሉት ብለዋል፤ ስሙ ከየት መጣ? ለክርስትናው ዕለት የማነበው ታሪክስ?» ላልከው ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረችልህ።

1. ትርጉሙን አታለሳልሰው። ካሳ ለጠፋ ነገር የሚከፈል ነው፤ የደም ካሳ እንደምንለው። ስም ሲሆን ብዙ ጊዜ ሌላ ልጅ ከሞተ በኋላ ለተወለደ ይወጣል፤ ምትኩ፣ ማስረሻ፣ ተካልኝ ዘመዶቹ ናቸው። ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ካሳነሽም ከዚያው ይመዘዛሉ። ስለዚህ ከእንግዶቹ አንዱ «ማንን ሊክስ ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ ምክንያቱን ከአያቱ ቀድመህ ስማ። በትግርኛ ቃሉ ካሕሳ፣ ስሙ ካሕሳይ ነው፤ አማርኛው ሐን ውጦታል።

2. አሁን ወደ ዋናው ስህተት። ካሳ ኃይሉ የተባሉ ሁለት ታላላቅ ሰዎች አሉ፤ የአንዱን ታሪክ ጽፎ የሌላውን ፎቶ የሚለጥፍ መዓት ነው። የፊተኛው የቋራው ካሳ፣ አባ ታጠቅ፣ ደረስጌ ማርያም ላይ በየካቲት 1847 ዘውድ ጭኖ ቴዎድሮስ የተባለው ነው። ስሙን የቀየረው ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የትንቢት መጽሐፍ የሚመጣውን ንጉሥ ቴዎድሮስ ስለሚለው ነው። ኋለኛው ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ ናቸው፤ በእናታቸው የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ፣ የሰላሌው ገዢ፣ በ1928 የተንቤን የጦር አዛዥ። ፎቶው ላይ ካባ ደርበው፣ ጢማቸው ተንዠርግጎ የምታያቸው እሳቸው ናቸው። ሦስቱ ልጆቻቸው አበራ፣ ወንድወሰንና አስፋወሰን በጣሊያን እጅ ተገደሉ፤ አስራተ ካሳ ተርፈው ደርግ በ1967 ረሸናቸው።

በዚህ ላይ ሦስተኛ ካሳ አለ፦ ካሳ ምርጫ፣ አባ በዝብዝ፣ በጥር 1864 አክሱም ላይ ነግሦ ዮሐንስ 4ኛ የተባለው። የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት በግዛቱ ያሳለፈው እሱ ነው፤ ጦሩ ሲመለስም መድፍና ጠመንጃ ትቶለት ሄደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ ራሱን ሲገድል፣ አንዱ ካሳ ለሌላው ካሳ መንገድ ከፈተ ማለት ነው። ይህቺን ብታነባት ድንኳኑ ጸጥ ይልልሃል።

ዓመተ ምሕረት ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። 1881 በእኛ አቆጣጠር ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት ነው፤ በፈረንጆች 1881 ግን ራስ ካሳ የተወለዱበት ነው (በእኛ 1873)። ከውጭ መጽሐፍ ስትቀዳ ቁጥሩን ካልቀየርክ የአንዱን ልደት ከሌላው ሞት ጋር ታጋጨዋለህ።

ከነገሥታቱና ከመኳንንቱ ውጭ ከፈለግክ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት የነበሩት ካሳ ወልደማርያም አሉልህ። ኳስ የሚወድ ዘመድ ካለህ ካሳዬ አራጌን ጨምርለት፤ የኢትዮጵያ ቡና ተጫዋችም አሰልጣኝም ነበር። ቴዲ አፍሮም በሙሉ ስሙ ቴዎድሮስ ካሳሁን መሆኑን አትርሳ፤ አጋጣሚው ራሱ ደስ ይላል።

3 ልል ነበር፣ ቁጥሩ ተበላሸ። ብቻ ካሳ ወይስ ካሣ የሚለውን ዛሬውኑ ወስን። በእንግሊዝኛም ሁለት ኤስ ይሁን፤ አንድ ኤስ ከሆነ ፈረንጅ «ካዛ» ብሎ ያነበዋል። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ፊደል ፋይዳም ፓስፖርትም ላይ ሳይለወጥ ይድገም። ጸሐፊዋ ስትጽፍ አጠገቧ ቁም፤ ማኅተም ካረፈበት በኋላ «ኋላ ይስተካከላል» የሚሉህን አትመን።