ሳትመረቁ ባለጉዳይ አነጋግሩ

ውድ የሕግ ተማሪዎች፣

በጥብቅና ሙያ ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ። ብዙዎቻችሁ «አሁን ውጤቴን ልያዝ፤ ድሃን ማገልገሉ ከምረቃ በኋላ ይደርሳል» ስትሉ እሰማለሁ። በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴን ዛሬ በሌለ አንድ የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ታሪክ ላስረዳችሁ።

አንቲዮክ የሕግ ትምህርት ቤት በ1972 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዲሲ ተከፈተ፤ ሐበሾች ኋላ ምግብ ቤቶቻቸውን ከከፈቱበት ከአዳምስ ሞርጋን ሠፈር ብዙም አይርቅም ነበር። መሥራቾቹ ባልና ሚስቱ ኤድጋር ካንና ጂን ካምፐር ካን የዬል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሩቃን ናቸው። ሚስትየዋ ጂን ጥቁር፣ ባላቸው ኤድጋር ነጭ አይሁዳዊ ነበሩ፤ ሲጋቡ እንዲህ ያለ ጋብቻ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነበር። በ1964 በዬል የሕግ መጽሔት ላይ ድሆች በየሠፈራቸው ጠበቃ እንዲያገኙ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጡ። የፌዴራሉ መንግሥት ለድሆች የሕግ አገልግሎት ሲያቋቁም መነሻ ከሆኑት ሐሳቦች አንዱ ይኸው ነው።

አንቲዮክ ትምህርት ቤትም የጥብቅና ቢሮም ነበር። አዲስ የገቡ ተማሪዎች መጀመሪያ ከከተማዋ ድሃ ቤተሰቦች ጋር እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። ከዚያም በመምህራኑ ክትትል ሥር እውነተኛ ጉዳይ ይይዛሉ፤ ከቤቱ ሊባረር ለተቃረበ ተከራይ፣ ድጎማው ለተቋረጠበት ችግረኛ ይቆማሉ። በዚያ ዘመን ሌላው ተማሪ በአብዛኛው የይግባኝ ፍርድ እያነበበ ነበር የሚመረቀው። የይግባኝ ፍርድ የሚጻፈው ፍሬ ነገሩ ተጣርቶ፣ ጭብጡ ተለይቶ ካለቀ በኋላ ነው። ባለጉዳይ ግን እንዲያ ተዘጋጅቶ አይመጣም። ቀኑን ይረሳል፣ ወረቀቱን ይጥላል፣ ስለ ጎረቤቱ ብዙ አውርቶ ዋናውን ነገር ሊወጣ ሲል ይናገራል። ከዚያ ሁሉ ወሬ መካከል ጭብጡን ማውጣት ግማሹ ሙያችን ነው፤ በመጽሐፍ ብቻ የሚለምደው ሰው አላየሁም።

ትምህርቱ ግን ውድ ነበር፤ አንድ መምህር ሊከታተል የሚችለው ጥቂት ተማሪ ነውና። ባለቤቱ አንቲዮክ ዩኒቨርሲቲም ገንዘብ አጥሮት ነበር። በገንዘብና በአስተዳደር ሥልጣን ላይ የተነሣው ክርክር ከርሮ በ1980 መሥራቾቹ ከኃላፊነት ተነሡ፤ ትምህርት ቤቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። ነገ እንዲህ ያለ ማዕከል የምታቋቁሙ ካላችሁ፣ በጀቱን ማን እንደሚያዝዝ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ተዋዋሉ። በጎ ዓላማ ብቻውን ደመወዝ አይከፍልም።

ተማሪዎቹና ምሩቃኑ ዝም አላሉም፤ የከተማዋን ምክር ቤት ወተወቱ። ምክር ቤቱም ወራሽ የሚሆን የሕዝብ የሕግ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ እሱም ዛሬ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። የባለጉዳይ አገልግሎቱም እዚያ የትምህርቱ እምብርት ሆኖ ቀጥሏል።

በአገራችንም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። የመጨረሻው ዓመት እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ዘንድሮ ሂዱ። ባለጉዳዩን ሳታቋርጡ አድምጡት። ወረቀቶቹን ሁሉ እዩ፤ መጥሪያው የደረሰውን ቀንና የቀጠሮውን ቀን መዝግቡ። ከመነሣቱ በፊት የተረዳችሁትን እሱ በሚገባው ቋንቋ መልሳችሁ ንገሩትና «የቀረ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ጥቂት ታገሡ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣው ያኔ ነው።