ከደወሌ እስከ ኦቦክ፦ ስለ ጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ጉዞ ጥያቄና መልስ

የቆየ ሹፌር፦ በጅቡቲ መስመር 14 ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። አሁን በየዓመቱ ከቤተሰቤ ጋር በትንሽ መኪና የታጁራን ባሕረ ሰላጤ እዞራለሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ባሕሩና ስለ ምግቡ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን ልናገር፦ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውኃ፣ ለመኪናው ሁለት ስኮርታ ጎማ። ይህን ያላሟላ ከቤቱ አይነሣ።

የድሬ ልጅ፦ ጋሼ፣ ድንበሩን ለመሻገር በጋላፊ ይሻላል ወይስ በደወሌ?

የቆየ ሹፌር፦ አንተማ የድሬ ልጅ ከሆንክ ደወሌ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሣም ደወሌን እመርጣለሁ። ጋላፊ የከባድ መኪና ሰልፍ ነው፤ እኔ ራሴ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ስንት ሌሊት አድሬአለሁ። ከመነሣትህ በፊት መድን ድርጅትህ ጋ ሄደህ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚሉትን ድንበር ተሻጋሪ የመኪና መድን አውጣ። የአገር ውስጡ መድን ድንበር ላይ ያበቃል።

እናት ከአዳማ፦ ልጆቼ ትምህርት የሚዘጉት በክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ብንሄድስ?

የቆየ ሹፌር፦ አይሆንም፣ እህቴ። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ኀምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስም አሸዋ ይዞ ይመጣል። ልጆቹ ባሕሩን ሳያዩ ይታመሙብሻል። ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። የገና ሰሞን ውሰጃቸው።

አዲስ ተጓዥ፦ የትኛው የባሕር ዳርቻ ነው ጥሩ?

የቆየ ሹፌር፦ ለምን ጥሩ? ለመዋኘት? ለሕፃናት? ለዓሣ? እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መመለስ ይከብዳል። ለማንኛውም፦ ከከተማው ሳይርቅ ጨው ውኃ መንካት ለሚፈልግ ኮር አምባዶ አለ። አርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ቤተሰብ ይሞላዋል። ንጹሕ ነጭ አሸዋ ለሚሻ ታጁራ ከተማ አጠገብ ያለውን፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሳብል ብላን የሚሉትን ነው የምመክረው። ልጆች ያሉት ሰው ከእርሱ ሌላ አይፈልግ። አርታ ከተማ ተራራ ላይ ስለሆነች ቀዝቀዝ ትላለች፤ ከታች ያለው የአርታ ባሕር ዳርቻ ግን መንገዱ ድንጋያማ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር በዚያ አካባቢ ዌል ሻርክ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ቢሆንም የሚበላው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ስለሆነ ሰው አይነካም። እናንተም አትንኩት። የትም ስትዋኙ ጫማ አድርጉ፤ ኮራል የሚሉት ድንጋይ መሰል የባሕር ነገር እግር ይቆርጣል።

ባሕር ናፋቂ፦ ለምን ስለ ምጽዋና አሰብ አይነሣም? እነዚያን የሚያህል ዳርቻ የለም!

የአራዳ ሰው፦ ልክ ነው። አባቴ ምጽዋን አይቶ ሲያወራ አይጠግብም ነበር። የባሕር በር የነበረው አገር...

የቆየ ሹፌር፦ የወደብ ክርክር ሌላ ቦታ ይደረግ። እኔ የምመልሰው ጎማዬ ስለረገጠው መንገድ ነው።

ሆዳዊ፦ ስለ ምግቡ ይንገሩን። ዓሣው እንደሚባለው ነው?

የቆየ ሹፌር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ከሚባለውም በላይ ነው። የየመን ዓሣ ይሉታል፤ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ አሠራር ነው። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ ሁለት ገጽ ሆኖ ይዘረጋል፣ በርበሬ ያለበት ቅመም ይቀባል፣ ከዚያ እንደ ጉድጓድ ጠልቆ ወደ ታች በሚነድ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ቂጣውም በዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጋገራል፤ የትሪ ስፋት አለው፤ ጫፉ ይደርቃል፣ መሐሉ ይለሰልሳል። ሹካ አትጠይቁ፣ በእጅ ነው። ከጎኑ ሙዝ ወይም ቴምር ከትኩስ ቂጣ ጋር ተፈትፍቶ፣ ማር ፈሶበት ይመጣል። የእናቴን ጨጨብሳ የሚያስታውሰኝ እርሱ ነው። ከሚያቃጥለው ዓሣ አንድ ጉርሻ፣ ከጣፋጩ አንድ ጉርሻ፤ እንዲህ እየተፈራረቀ ነው የሚበላው። ዓሣውን ሳይጠበስ ራሳችሁ ምረጡ፤ ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን። ዋጋውንም ያኔውኑ ተስማሙ።

ከዚያ ሌላ ስኩዳህካሪስ የሚሉት በሥጋና በሄል የተቀቀለ ሩዝ አለ። ጠዋት ላሆህ ይቀርባል፤ ጤፍ የሌለው ስስ እንጀራ በሉት።

እናት ከአዳማ፦ የገና ሰሞን ካሉ ግን የነቢያት ጾም ነው። ዓሣ በጾም?

የአራዳ ሰው፦ ዓሣ በጾም ይበላል። ደም የለውም ይባላል።

እናት ከአዳማ፦ እንዴት ደም የለውም? በቤታችን በጾም ዓሣ ገብቶ አያውቅም።

ሆዳዊ፦ በእኛ ሰፈር ከዐቢይ ጾም በቀር ይበላል።

የቆየ ሹፌር፦ ይህን የንስሐ አባታችሁ ይመልሱት። ለሚጾም ፉል በየቦታው አለ፤ ከተማው ውስጥ ባሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም በያይነቱ ይገኛል። ታጁራ ከገባችሁ በኋላ ምርጫው ስለሚጠብ ስንቅ ያዙ። ውኃም። ጎማም።

ፈጣን፦ ስንት ብር ይበቃል?

የቆየ ሹፌር፦ በብር አታስብ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ 1 ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን። ከተማው ውድ ነው።

ካሜራ ያዥ፦ ወደቡንና የጦር ሰፈሮቹን ከመንገድ ላይ ማንሣት ይቻላል?

የቆየ ሹፌር፦ ፈጽሞ አይቻልም። ካሜራህን ለአሳል ሐይቅ አስቀምጥ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ወርደህ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ላይ፣ ነጭ ጨውና ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጎን ለጎን ታያለህ። ያ ድንጋይ ነው ጎማ የሚበላው። እዚያ ጎሚስታ የለም።

ፈጣን፦ በየትኛው ወር ቢኬድ ጥሩ ነው?

የቆየ ሹፌር፦ ወንድሜ፣ ለእናት ከአዳማ የመለስኩትን ከላይ አንብብ።

የታሪክ ተማሪ፦ ታጁራ ከዓሣው ሌላ ምን አላት?

የቆየ ሹፌር፦ ታጁራ የአፋር ሱልጣኖች ጥንታዊ ከተማ ናት። ነጫጭ ቤቶችና መስጊዶች፣ ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ጸጥ ያለ ባሕር። ወደ ሸዋ የሚወጣው የግመል ቅፍለት መነሻ ነበረች። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1885 መጨረሻ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ እዚህ ደረሰና ለወራት ተቀመጠ፤ የተነሣው በጥቅምት 1886 ነው። አንኮበር የገባው በየካቲት 1887፣ ሒሳቡን የጨረሰው እንጦጦ ላይ፣ ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ። እርሱ አራት ወር የፈጀበትን እኛ በሁለት ቀን እንወርደዋለን። ማታ ዳርቻው ላይ ስቀመጥ ሁልጊዜ የማስበው ይህንን ነው፤ የእኛ ደጋ ጨውና ጨርቅ ይጠብቅ የነበረው ከዚህ ነበር።

የድሬ ልጅ፦ ከታጁራ ወደ ኦቦክ መቀጠል ያዋጣል? ደግሞስ 5 ሊትር ለአንድ ሰው አይበዛም?

የቆየ ሹፌር፦ ኦቦክ ፈረንሳዮች መጀመሪያ የሰፈሩባት ከተማ ናት፤ የጅቡቲ ከተማ የመጣችው ከእርሷ በኋላ ነው። ራስ ቢር ወደሚባለው የየብስ ጫፍ የሚወስደው ዳርቻ ሰው የሌለበት፣ ውብ ነው።

ውኃው ግን አይበዛም። በዚያ መንገድ ላይ የአገራችን ልጆች በእግር ሲሄዱ ታያላችሁ። ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከትግራይ የተነሡ ወጣቶች ናቸው፤ ከኦቦክ አካባቢ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር። ብዙዎቹ ነጠላ ጫማ ነው ያደረጉት። አንድ ዓመት ላይ አንድ ልጅ ግራር ሥር ተቀምጦ አገኘሁ፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ መናገር አቅቶት ነበር። የነበረኝ ግማሽ ሊትር ብቻ ነበር። ማሳፈር በሕግ ችግር ውስጥ ይከታል፤ ውኃ መስጠት ግን ማንም አይከለክልም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይህን የምደጋግመው።

እናት ከአዳማ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጋሼ። ለአምስት ሰው ስንት ጀሪካን ልያዝ?

የቆየ ሹፌር፦ በየቀኑ ለቤተሰብሽ ባለ 20 ሊትሩ አንድ፣ ከላዩ 5 ሊትር። ከታጁራ ስትነሺ ደግሞ በመንገዱ ላይ በእግር ለሚሄዱት ልጆች ሁለት ባለ 20 ሊትር ጨምሪ፣ ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙሶችም ያዢ፤ መቅጃ ከሌለ እጃቸው ላይ ፈስሶ ይባክናል።