ሊኑክስ ብጭን በፓወር ግዕዝ የጻፍኳቸው ፈተናዎች ይከፈታሉ?

አንድ መምህር ከሐይቅ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ላፕቶፔ ኮር አይ 3፣ አራተኛ ትውልድ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ቆሟል ይሉኛል፣ 11 ደግሞ አልጫንም አለ። ወጣቶቹ ሊኑክስ ጫን እያሉኝ ነው። የምፈራው ለዓመታት በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ ለጻፍኳቸው ፈተናዎች ነው። ይጠፉብኝ ይሆን?»

መምህር፣ አብሽሩ። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም ነው። ቅደም ተከተሉን ከጠበቁ አንድም ፋይል አይጠፋብዎትም። እዚህ ደሴ «ሊኑክስ ጫንኩና ፋይሌ ተበላሸ» ብለው ከሚመጡልኝ ሰዎች የብዙዎቹ ፋይል ደህና ነው። የጠፋው ፎንቱ ነው።

የተነገረዎት እውነት ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን ባያቆምም አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ ለተራዘመው ድጋፍ ካልተመዘገቡ በቀር፣ የሚደፍንለት የለም። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ከሞላ ጎደል ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው የሚቀበለው። በዘዴ አስገድዶ መጫን ይቻላል፤ በ4 ጊጋ ራም ግን መከራ ነው፣ አልመክርዎትም።

አሁን ወደ ፈተናዎቹ። የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል መለያ፣ አይደሉም። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ነው ግዕዝ አስመስሎ የሚያሳየው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ያው ፈተና ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይመጣል። የእርስዎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ፈተና ዎርድ ላይ ይክፈቱ፣ ጽሑፉን በሙሉ ይምረጡና ፎንቱን ወደ ኒያላ ይቀይሩ። አማርኛው እንዳለ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፣ የትም ይከፈታል። ከተዘበራረቀ የድሮው ነው። ሴቭ ሳያደርጉ ይዝጉት።

የድሮው ከሆነ ዊንዶውሱ ሳይነካ ሁለት ነገር ያድርጉ። ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ የሚለውን፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ከፍተው የግዕዝ ፎንቶቹን ከፈተናዎቹ ጋር ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ያለቁትንና የማይነኩትን ፈተናዎች ደግሞ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ ፎቶ ኮፒ ቤትም ቢወስዱት አይበላሽም። ይህን ሥራ ለነገ አይበሉት፤ ከሊኑክሱ ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ከሊኑክስ ዓይነቶች ለእርስዎ ማሽን የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት። ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ስለሆነ ሌሊት ቢያወርዱት ይረክስልዎታል። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይጻፉት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ ባዶ ፍላሽ ይሁን። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱ፦ ልክ ሲያበሩት የሚጫኑት ቁልፍ ለዴልና ለሌኖቮ በአብዛኛው ኤፍ 12፣ ለኤችፒ ኤፍ 9 ነው። ሚንት ሳይጫን ከፍላሹ ይሠራል፤ ጫን እስካላሉት ድረስ ሃርድ ዲስኩን አይነካም።

እዚያው እያሉ ይሞክሩት። ሆም በሚባለው የራስዎ ፎልደር ውስጥ ከፊቱ ነጥብ ያለው ፎንትስ የሚል ፎልደር በእንግሊዝኛ ፈጥረው ፎንቶቹን ይጨምሩበት፣ ከዚያ ፈተናውን በዎርድ ፈንታ በሚሠራው በሊብሬ ኦፊስ ይክፈቱ። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ፎልደሩ ይሰወራል፣ ኮንትሮል እና ኤች ሲጫኑ ይታያል። የምርጫዎቹ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አሰላለፍ ትንሽ ሊንሸራተት ይችላል፤ ዋናው ፊደሉ መነበቡ ነው። ድምፁንና ዋይፋዩንም ይፈትሹ። ዋይፋዩ ከጠፋ ስልክዎን በገመድ አገናኝተው ኢንተርኔት ያጋሩት፣ ድራይቨር ማኔጀር የሚባለው የሚንት ፕሮግራም የጎደለውን ይፈልግልዎታል።

ሁሉም ከተሳካ አቅምዎ ከፈቀደ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ይግዙ። የድሮውን ሃርድ ዲስክ ከነዊንዶውሱ ያስወጡና ኪስ ውስጥ ሳይሆን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ሊኑክሱን በአዲሱ ላይ ይጫኑ። ፍጥነቱም ይጨምራል፣ የሚፈሩትም ነገር አይኖርም፤ ካልተመቸዎት ዲስኩን መልሰው መክተት ብቻ ነው። መግዛት ካልቻሉ ሊኑክሱን በዚያው ዲስክ ላይ ከዊንዶውሱ ጎን ለጎን ይጫኑ። ቤት ውስጥ በፒችትሪ ሂሳብ የሚሠራ ሰው ካለም ዊንዶውሱን አያጥፉ፣ ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ አስተማማኝ አይደለም። ከመጫንዎ በፊት ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ዲስክ መከፋፈል ላይ እያለ ነው የሚጎዳው።

ለአዲስ ጽሑፍ ፓወር ግዕዝ አያስፈልግዎትም። ከሶፍትዌር ማኔጀር አይባስ ኤም 17 ኤን የሚባለውን ጭነው አማርኛ ሴራን ይምረጡ። አጻጻፉ እንደለመዱት በድምፅ ነው፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ሲመቱ «ሰላም» ይወጣል። አንዳንድ ፊደላት ቁልፋቸው ስለሚለይ በመጀመሪያው ሰሞን ጣትዎ ይሳሳታል። በዚህ የሚጽፉት ሁሉ ዩኒኮድ ስለሆነ ግን ከአሁን በኋላ የሚያወጡት ፈተና ፎንት ፍለጋ አያስኬድዎትም።