ለተቸገሩ ሕፃናት የሚሰበሰበው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ጥያቄና መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ በሚሠሩ ትናንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ውስጥ ብዙ ዓመት ሒሳብ ይዣለሁ። ጥያቄዎቻችሁን የማውቀውን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው?

መልስ፦ ሁሉም ባይሆን ብዙው ከውጭ ነው። አንዱ መንገድ ስፖንሰር ነው፤ ውጭ ያለ ሰው ለአንድ ልጅ በየወሩ ይልካል። ሌላው ፕሮጀክት ነው። ፕሮፖዛል ይጻፋል፣ ከተሳካ ለሁለት ወይ ለሦስት ዓመት ውል ይፈረማል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ልጁ ገና ሦስተኛ ክፍል ነው። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም፣ በአንድ ደብዳቤ ሥራቸው የተቋረጠባቸው ድርጅቶች አሉ። ስለዚህ የአገር ውስጥ ገንዘብ ትንሽም ቢሆን የግድ ያስፈልጋል እላለሁ።

ጥያቄ፦ ከአገር ውስጥስ እንዴት ይሰበሰባል?

መልስ፦ በብዙ መንገድ። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ከግሸን ማርያም ሲመለሱ በድርቅ የተጎዱ ሁለት ሕፃናት ይዘው መጡ። ያንን ወላጅ አልባ ልጆችን የማሳደግ ሥራ ያቋቋሙት ምግብ እያዘጋጁ እየሸጡ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ደግሞ ሆፕ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት የምግብ ኩፖን ይሸጥ ነበር። መንገደኛው ኩፖኑን ገዝቶ፣ እጁን ለዘረጋ ልጅ በሳንቲም ፈንታ ይሰጠዋል፤ ልጁም ሄዶ ትኩስ ምግብ ይበላበታል። በጣም የምወደው አሠራር ነው።

ከዚያ ሌላ ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ባዛሩ፣ የመሥሪያ ቤት መዋጮው አለ። የልደትና የሙት ዓመት ድግስ ይዞ የሚመጣም ብዙ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ለፋሲካ በአንድ ቀን ሦስት በግ መጥቶልን ያውቃል። ሐምሌ ላይ ግን የሽሮ እህል ፍለጋ ስልክ ስንደውል ነው የምንውለው። በዓል ላይ ልጆችን ማብላት ደስ ይላል፣ ይገባኛል። ግን እባካችሁ ሐምሌንም አስቡልን።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ምገባ አለ አይደል? እናንተ ታዲያ ምን ትሠራላችሁ?

መልስ፦ ምገባው ትልቅ ነገር ነው። የእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር የጀመረውን የከተማው አስተዳደር በራሱ በጀት ይዞታል። ቅዳሜና እሁድ ግን ትምህርት ቤት የለም። ክረምቱም ረጅም ነው። ለትምህርት ያልደረሰ ታናሽ ወንድምም ቤት አለ። እናትየው የራሷ ገቢ እስካላገኘች ድረስ ደግሞ ልጁ ከችግር አይወጣም። ለጉሊት መነሻ የሚሆን ብር መስጠት የምንወደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ግማሹን ለደመወዝ ትበሉታላችሁ ይባላል።

መልስ፦ ሕጉ አይፈቅድም። በድሮው አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪ ጣሪያው 30 በመቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ወደ 20 በመቶ ወርዷል። ነገር ግን ቤት ለቤት እየዞረች ልጅ ለምን ከትምህርት እንደቀረ የምትጠይቅ ሠራተኛ ደመወዝ ብክነት አይደለም። ሥራው ራሱ እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ነኝ። ብሰጥ ከግብር ይታሰብልኛል?

መልስ፦ አዎ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት ድርጅት የሰጡት ግብሩ ከመታሰቡ በፊት ከገቢዎ ላይ ይቀነሳል፤ ጣሪያው ግብር ከሚከፈልበት ገቢዎ 10 በመቶ ነው። ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ ልጆቹ ጋ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠ የምዝገባ ወረቀትና የኦዲት ሪፖርት ይጠይቁ። በግለሰብ ስም የተከፈተ አካውንት ላይ አያስገቡ። በአዘቦት ቀን፣ በምሳ ሰዓት ይምጡ።

ፎቶ ግን አይጠይቁ። አንድ ጊዜ አንድ ለጋሽ ልጆቹን ደብተር አሲዞ አሰልፎ አስነሳቸው። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊቷን በደብተሩ ሸፈነች። «ዝቅ አድርጊው» ተባለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ምሳ ልትበላ አልመጣችም። ዝም ብዬ በማየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ በወር ሃምሳ ብር ብቻ ነው የምችለው። አያሳፍርም?

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጀበና ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። በየወሩ መጀመሪያ ሃምሳ ብር በወረቀት ጠቅልለው ያመጡልናል። መዝገባችን ላይ እንደሳቸው ያላቋረጠ ሰው የለም። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ሰው ሁሉ ተበተነ፣ ዕድሩም አብሮ ተበተነ። እሳቸውም ከተማው ዳር ሄዱ። በቃ ቀረ ብለን ስማቸው ላይ መስመር አሰመርን። በወሩ መጀመሪያ በቴሌብር ሃምሳ ብር ገባ። በሦስተኛው ቀን ደወሉ፦ «ልጄ፣ ደረሰኜስ?»